የበረዶ ናዳ ሥልጠና፦ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄዎች

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ስኪ የጀመርኩት ዘግይቼ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ከሁለት ዊንተር በፊት የበረዶ ናዳ ኮርስ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ ቡና ላይም፣ ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ሳይቀር ጥያቄ ይመጣብኛል። ግማሹ ከልቡ ነው የሚጠይቀው፣ ግማሹ ሊቀልድብኝ። አንድ ቦታ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። አስተማሪ አይደለሁም። ይህን ማንበብም ኮርሱን እንደ መውሰድ አይቆጠርም። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የበረዶ ናዳ ምንድን ነው? ሐምሌ ላይ እንደሚወርደው በረዶ ነው?

አይደለም። አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስተናል። ቆርቆሮ የሚደበድበውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ ነው፣ እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውም በረዶ ነው። የማወራው ስለ መጨረሻው ነው።

ይህ በረዶ ተራራ ላይ ሲከመር ንብርብር ይሠራል። ኖቬምበር ላይ ስስ በረዶ ይወርዳል። ከሥሩ መሬቱ ገና ሙቀት አለው፣ ከላይ ያለው አየር ግን ክፉኛ ይቀዘቅዛል። በመሀል ያለው እርጥበት ወደ ላይ ሲተን በረዶው መያያዣውን ያጣና እንደ ስኳር ይበታተናል። በእጅ ብትጨብጡት አይጨበጥም። እዚህም ሰዎቹ የስኳር በረዶ ነው የሚሉት። ቀጥሎ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ከባድ በረዶ ይወርዳል፤ ነፋስም ያመጣበታል። ይሄኛው እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል። ፈረንጆቹ ስላብ ይሉታል፤ የአዲስ አበባ ግንበኛ ቢያየው ሶሌታ ይለዋል።

እንግዲህ አስቡት። ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ላይ ጤፍ በትናችሁ ትሪ አስቀመጣችሁበት። ዝም ብሎ ሊቆይ ይችላል። አንድ ሰው ጣቱን ሲያሳርፍበት ግን ይሄዳል። ተራራው ላይ ጣቱ እናንተ ናችሁ። ሶሌታው ይሰነጠቃል፣ በሰከንዶች ውስጥ ከመኪና ፍጥነት ይበልጣል፣ ከዚያ ታች ደርሶ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። የተቀበረ ሰው ብዙ ጊዜ ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም።

ኮሎራዶ በረዶዋ ስስ፣ ብርዷ ደረቅ ስለሆነ ይህ የስኳር በረዶ የየዓመቱ ችግሯ ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ብዙ ሰው በናዳ የሚሞተውም እዚሁ ነው።

ጩኸት ናዳ ያስነሳል?

አያስነሳም። እሱ የፊልም ነገር ነው። የሚያስነሳው ክብደት ነው፦ አዲስ በረዶ፣ ነፋስ ያመጣው በረዶ፣ ወይም ሰው። ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች 10 ቢሆኑ በ9ኙ ናዳውን ያስነሳው ራሱ ሟቹ ወይም አብሮት የነበረ ሰው ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ደስ አለኝ። እኛ ካስነሳነው፣ አለማስነሳትም እንችላለን ማለት ነዋ።

እኔ ሪዞርት ውስጥ ብቻ ነው የምሸራተተው። ይመለከተኛል?

ከሌላው ያንሳል፣ ግን አዎ። ሪዞርት ውስጥ ሊፍቱ ከመከፈቱ በፊት ፓትሮሎች፣ ማለትም የስኪ ቦታው ደኅንነት ጠባቂዎች፣ ወጥተው አደገኛውን በረዶ ሆን ብለው ያራግፉታል። እናንተ ቁርስ ስትበሉ ከሩቅ "ድው" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እነሱ ናቸው፤ ፈንጂ ነው። በዚህ ሥራ ምክንያት ክፍት በሆነ መስመር ላይ በናዳ መሞት ብርቅ ነው። ብርቅ ነው እንጂ አይደርስም አይባልም። ጃንዋሪ 10፣ 2024 ካሊፎርኒያ ፓሊሴድስ ታሆ ውስጥ፣ ክፍት በነበረ ቦታ፣ አንድ ሰው ሞቷል።

ትልቁ ችግር የሪዞርቱን ድንበር የሚያሳየው ገመድ ነው። ከገመዱ ወዲያ ያለው በረዶ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ማንም ያልረገጠው ሆኖ ይታያል። ከገመዱ ወዲህ ያለውን በረዶ ፓትሮል ሲያራግፈው አድሯል፣ ከወዲያ ያለውን ማንም አልነካውም። ልዩነቱ አምስት ሜትር ቢሆንም ሌላ ዓለም ነው።

የኮርሱ ደረጃዎች እንዴት ናቸው?

ለመዝናናት የሚወጣና ለሥራ የሚወጣ ሰው መንገዳቸው ለየብቻ ነው።

ለመዝናናት ከሆነ መጀመሪያ ነጻ የሆነ የአንድ ሰዓት ገደማ ገለጻ አለ። ዩታ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ስሙ "ኖው ቢፎር ዩ ጎ"፣ ማለትም ሳትሄድ እወቅ። ከዚያ ደረጃ 1 ይመጣል፦ ሦስት ቀን፣ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ አብዛኛው በረዶ ላይ። ቀጥሎ የአንድ ቀን የነፍስ አድን ኮርስ፣ ከዚያም ሌላ ሦስት ቀን የሚወስድ ደረጃ 2። አብዛኛው ሰው ደረጃ 1ንና የነፍስ አድኑን ይወስዳል። እኔም እዚያው ላይ ነኝ።

ለፓትሮልና ለተራራ መሪ ፕሮ 1 እና ፕሮ 2 የሚባሉ አሉ። ፕሮ 1 አምስት ቀን ነው፤ ፈተናም አለው። እዚያ በረዶውን ቆፍሮ ማየት፣ ያዩትን በሥርዓት መመዝገብ፣ ለሌላ ባለሙያ በሚገባው ቋንቋ ማስተላለፍ ይጠበቃል።

ከኮርሱ ምን ተማርክ? እውነቱን ንገረን።

አካፋ አያያዝ የምማር መስሎኝ ነበር የሄድኩት። የተማርኩት "ይቅርብኝ" ማለትን ነው።

መጀመሪያ የሚያስተምሩት ተዳፋትን ማየት ነው። ስላብ የሚናደው በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ቁልቁለት ላይ ነው። የቤታችሁ ደረጃ ከ30 ዲግሪ ብዙ አይርቅም፤ ዓይናችሁን በእሱ አስለምዱት። ከዚያ ያነሰ ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁና ከራሳችሁ በላይ ቀጥ ያለ ተራራ ከሌለ፣ ትልቁን ሥራ ጨርሳችኋል። "ከራሳችሁ በላይ" የሚለውን አትዝለሉት። ከታች ሆኖም ማስነሳት ይቻላል።

ቀጥሎ ምልክቶቹ ናቸው። በቅርቡ የወረደ ናዳ ታያላችሁ። በረዶው ከስኪያችሁ ጫፍ ተነሥቶ እንደ መስታወት ይሰነጠቃል። እግራችሁ ሥር "ዉምፍ" የሚል፣ ሶፋ ላይ እንደ መውደቅ ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ። ያ የስኳሩ ንብርብር ሲደረመስ ነው። ከባድ በረዶ ወይም ነፋስ ገና ማለፉ፣ ሙቀቱ በድንገት መጨመሩም ይቆጠራል። ዉምፍ ከሰማችሁ ውይይት የለም፤ ትመለሳላችሁ።

ጉድጓድ ቆፍሮ መፈተሽም አለ። 90 ሳንቲ ሜትር በ30 የሆነ የበረዶ ዓምድ ቆርጣችሁ፣ አካፋውን ከላይ አስተኝታችሁ 30 ጊዜ ትመቱታላችሁ፦ 10 ከአንጓ፣ 10 ከክርን፣ 10 ከትከሻ። ስንተኛው ላይ እንደተሰነጠቀና ስንጥቁ ዓምዱን አቋርጦ እንደሄደ ታያላችሁ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሳይንቲስት የሆናችሁ ይመስላችኋል። አስተማሪያችን ግን ደጋግሞ አስጠነቀቀን። ፈተናው "አትሂድ" ካለህ እመነው፣ "ሂድ" ካለህ ጠርጥረው። አሥር ሜትር አልፎ በረዶው ሌላ ሊሆን ይችላላ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ስለ ሰው የተማርነው ነው። የለመድነው ቦታ ያዘናጋናል። የጀመርነውን ጥሎ መመለስ ይቆጨናል። ጎበዝ የምንለው ሰው ከፊት ከሄደ ዝም ብለን እንከተላለን። ሌሎች ሲሄዱ ስናይ የእኛም ፍርሃት ያፍራል። በእንግሊዝኛ ለዚህ ረጅም ዝርዝር አላቸው። እኔ ቁጭ ብዬ ስሰማ አንድ ቃል ነው የታየኝ፦ ይሉኝታ። ሼም ይዞህ "እኔ ፈርቻለሁ" ሳትል መቅረት። ትልቅ ሰው ሲናገር አለማቋረጥ። ኮርሱ ላይ ሕጉ ቀላል ነው፤ ከቡድኑ አንድ ሰው፣ ጀማሪም ቢሆን፣ "አይመስለኝም" ካለ ሁሉም ይመለሳል። ምክንያት አይጠየቅም፣ አይኮረፍም። በሁለተኛው ቀን ያንን ቃል ያልኩት እኔ ነበርኩ። ጆሮዬ ድረስ ነው የጋልኩት። ማንም ምንም አላለኝም፤ ስኪያችንን አዙረን ወረድን።

ስለ ሺፕ ክሪክ የነገሩንም እዚያ ነው። ቦታው ላቭላንድ ፓስ አጠገብ ነው፤ ከዴንቨር በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ስትወጡ፣ አይዘንሃወር ዋሻ ሳትደርሱ። ኤፕሪል 20፣ 2013 ስድስት ሰዎች ወጡ። የዕለቱን የናዳ ትንበያ አንብበዋል፣ መሣሪያ አላቸው፣ አደጋው እንዳለም ተነጋግረዋል። ለጥንቃቄ በመካከላቸው ርቀት ጠብቀው ከተራራው ግርጌ ሲያልፉ ከላይ ተናደ። ርቀቱ አልበቃም፤ ስድስቱንም ያዛቸው። አምስቱ ሞቱ፣ አንዱ ለሰዓታት ተቀብሮ ቆይቶ በሕይወት ወጣ። ሁሉም ስለተያዙ የሚፈልጋቸው ሰው ውጭ አልቀረም። ቢከን (የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም መሣሪያ) ቦርሳ ሙሉ ቢሆን ፈላጊ ከሌለ ምን ያደርጋል? አሁን በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ ግራ ቀኙ ተራራ ይሄዳል።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልጋል?

ሦስት ነገር፣ ለእያንዳንዱ ሰው። ቢከን፦ በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል፣ ደረት ላይ የሚታሰር። ፕሮብ፦ ታጥፎ ቦርሳ የሚገባ፣ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር የሚደርስ መውጊያ ዘንግ። አካፋ፦ ብረት መሆን አለበት፤ ፕላስቲኩ ይሰበራል።

ሞባይላችሁ ቢከኑን ይረብሸዋል። ምልክት ስትልኩ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ስትፈልጉ ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የሚሞቅ ጓንትና ስማርት ሰዓትም እንደዚያው።

የሚነፋ ቦርሳ የሚባልም አለ፤ ማስነሻውን ስትጎትቱ ፊኛ ሆኖ ከላይ ያስቀራችኋል። በከባዱ ለተያዘ ሰው የመሞት ዕድሉን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ግን ከድንጋይና ከዛፍ ጋር መላተምን አያስቀርም፤ በናዳ ከሚሞቱት ደግሞ አራተኛው ያህል የሚሞተው በዚያ ነው። ገንዘቡ ከሌላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ መጀመሪያ ኮርሱን ውሰዱበት።

ጓደኛዬ ቢቀበር ስንት ደቂቃ አለኝ?

አሥር ብላችሁ ያዙ። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ የወጣ ሰው በአብዛኛው ይተርፋል፤ ከ10 ሰው 9 ገደማ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ የሚተርፈው ሲሶው ነው። የነፍስ አድን ቡድን ከከተማ እስኪደርስ ስንት እንደሚፈጅ አስቡት። አዳኙ እናንተ ናችሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ሌላ ናዳ እንደማይመጣ ታያላችሁ። የመጨረሻ የታየበትን ቦታ ታስታውሳላችሁ። ሁሉም ቢከኑን ወደ መፈለጊያ ይቀይራል፤ አንድ ሰው ከረሳ እሱኑ ስትፈልጉ ደቂቃው ያልቃል። ምልክት ሲገኝ ቀስቱን ትከተላላችሁ። ሲቀርብ ቢከኑን በረዶው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ትንሹን ቁጥር ትፈልጋላችሁ። ከዚያ በፕሮብ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ እየዞሩ መውጋት ነው። ሰውን ሲነካ ታውቁታላችሁ፤ ልስልስ ብሎ ይመልሳል። ፕሮቡን አትንቀሉት።

ከዚያ ቁፋሮ ነው፣ እሱ ነው ጉድ። ከናዳ የወረደ በረዶ አንድ ሜትር ኩብ ከ300 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ከፕሮቡ ቀጥታ ወደ ታች አትቆፍሩም፤ ከቁልቁለቱ በኩል ትንሽ ወረድ ብላችሁ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። ብዙ ሰው ካለ ተሰልፎ በረዶውን ወደ ኋላ ይቀባበላል። እኛ በልምምዱ የተቀበረ ጆንያ ነበር ያወጣነው። ጆንያ ስናወጣ እንኳ ላብ በላብ ሆንን።

911ስ፣ የአሜሪካው የአደጋ ጊዜ ስልክ? ከሁለት በላይ ከሆናችሁ አንዱ እየደወለ ሌላው ይፈልግ። ብቻችሁን ከሆናችሁና ኔትወርክ ከሌለ፣ ፍለጋውን ጥላችሁ ስልክ አንሥታችሁ አትሩጡ።

ዕለታዊው ትንበያ የት አለ? እንዴት ይነበባል?

በኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል አለ፤ በየቀኑ በየአካባቢው ያወጣል፣ በነጻ ነው። ሌላ ግዛት ላላችሁ "አቫላንች ዶት ኦርግ" ወደየአካባቢያችሁ ይወስዳችኋል።

አምስት ደረጃ አለ፦ 1 ዝቅተኛ፣ 2 መጠነኛ፣ 3 ጉልህ፣ 4 ከፍተኛ፣ 5 እጅግ ከፍተኛ። ወጥመዱ 3 ላይ ነው። ከ5 ሦስት ሲባል "መካከለኛ ነው፣ ምንም አይል" እንላለን። ኧረ ተዉ! ብዙ ሰው የሚሞተው 3 በተባለበት ቀን ነው። 4 እና 5 ሲሆን ማዕበሉ ስለሚታይ ሰው ቤቱ ይቀራል። 3 ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ ወጥቷል፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ በረዶው አዲስ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ችግሩ በየትኛው አቅጣጫና ከፍታ ላይ እንዳለ በሥዕል ያሳያል። እዚህ ወደ ሰሜን የዞረ ተራራ ፀሐይ ስለማያገኝ የስኳሩ በረዶ እዚያ ረጅም ጊዜ ይኖራል።

ልጄ ስኪ ፓትሮል ልሁን ይለኛል። ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለው?

ይህን የጠየቁኝ አንዲት እናት ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ። የመለስኩላቸውን እዚህም ልድገመው።

እማማ፣ ሥራው የተከበረ ነው። ናሽናል ስኪ ፓትሮል ከ1938 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው። ልጅዎ መጀመሪያ የሚማረው ሕክምና ነው፦ ስብራት ማሰር፣ ደም ማቆም፣ ሰው በበረዶ ቃሬዛ ማውረድ። የናዳው ትምህርት ከዚያ ቀጥሎ ነው። ፈንጂ የሚወረውሩትም ከልምድ በኋላ፣ ከነባር ጋር ተጣምረው ነው። በፈንጂ ማራገፍ እዚህ አገር ሥር የሰደደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሞንትጎመሪ አትዋተር የሚባል የተራራ ጦር ዘማች ዩታ ውስጥ አልታ ላይ ሠርቶበታል፤ መድፍም ሳይቀር ተኩሰዋል።

አደጋ የለውም አልልዎትም። ፌብሩዋሪ 2025 ካሊፎርኒያ ማሞዝ ተራራ ላይ በዚሁ ሥራ ላይ የነበሩ ሁለት ፓትሮሎች ናዳ ይዟቸው አንዷ ሕይወቷ አልፏል። ደሞዙም እንደ ዶክተር አይደለም። ዩታ ፓርክ ሲቲ 200 ያህል ፓትሮሎች ዲሴምበር 27፣ 2024 ሥራ አቁመው ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተዋል፤ ከጥያቄያቸው አንዱ መነሻውን በሰዓት ከ21 ወደ 23 ዶላር ማድረስ ነበር። እና ይፍቀዱለት ወይ? ዕድሜው 24 ነው እማማ፤ ፈቃድ ሳይሆን ምርቃትዎን ነው የሚፈልገው።

ግሪን ካርድ የለኝም። ፓትሮል መሆን እችላለሁ?

የሥራ ፈቃድ ካላችሁ መቀጠሩ አንድ ነገር ነው፣ ፈንጂ መንካቱ ሌላ። በፌዴራል ሕግ ፈንጂ የሚይዝ ሠራተኛ ማጣሪያ ያልፋል። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው በአብዛኛው አይፈቀድለትም። ሳታመለክቱ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስኪ አላደርግም፤ በስኖውሹ (በረዶ ላይ ለመራመድ ጫማ ሥር በሚታሰረው ሰፊ መርገጫ) እግሬን ነው የማፍታታው። እኔስ?

ናዳ የለበሳችሁትን ጫማ አያይም። በስኖውሹ የሚሄዱም ይሞታሉ፣ አብዛኞቹ ከተራራ ግርጌ በሚያልፍ መንገድ ላይ ስለሆኑ አይጠረጥሩም። ነጻውን ገለጻ ውሰዱ፣ ትንበያውን እዩ፣ ከ30 ዲግሪ በታች ቆዩ።

ለሾፌሮች ደግሞ፦ ማርች 2019 ናዳው አይ 70 ድረስ ወርዶ ነበር። መንገድ ሲዘጋ አትሳደቡ፤ ከላይ እያራገፉላችሁ ነው።

አውሮፓ ነው ያለሁት።

ደረጃው ያው አምስት ነው። ስዊዘርላንድ ዳቮስ ያለው የበረዶ ምርምር ተቋም ትንበያው ግሩም ነው። ስልኩ 112። አንድ ልዩነት ልብ በሉ፦ በአልፕስ ከተጠረገው መስመር ወጣ ካላችሁ፣ ሊፍቱ አጠገብ ብትሆኑም፣ ብዙ ጊዜ ማንም አላራገፈላችሁም።

ሐበሻ ደግሞ ስኪ ያደርጋል እንዴ?

ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል፤ በአገር አቋራጭ ስኪ። ቀጣይ ጥያቄ።

ስንት ያስወጣል? ከተቀበርኩስ ማዳኑ ስንት ነው?

ደረጃ 1 እንደየቦታው ከ400 ዶላር በላይ ነው፤ ቢከኑ ብቻውን 300ና ከዚያ በላይ። ለኮርሱ ግን ቢከን ማከራየት የተለመደ ነው፣ ሳትገዙ ሞክሩት።

በኮሎራዶ የፍለጋና ነፍስ አድን ቡድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ስላዳኑ አያስከፍሉም። "ቢል ይመጣብኛል" ብላችሁ 911 ከመደወል እንዳትዘገዩ። አምቡላንስና የሕክምና ሄሊኮፕተር ግን ሌላ ነው፤ እሱ ያስከፍላል።

ለኮርሱ ምን ይዤ ልምጣ?

ኦክቶበር ላይ ተመዝገቡ፣ ቦታው ቶሎ ይሞላል። ደራርባችሁ ልበሱ፤ ስትወጡ ይሞቃችኋል፣ ቆማችሁ ስትሰሙ ትንቀጠቀጣላችሁ። ሁለት ጓንት። ምሳ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ የማይደርቅ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ፍርፍር ይዤ ሄጄ ቆርፍዶ እንደ ቆዳ ሆነ። በማግስቱ ቆሎ ያዝኩ። ገብስና ሽምብራ፣ ሱፍ ጣል ያለበት። ምሳ ሰዓት ላይ አስተማሪው "ትንሽ ልቅመስ" ብሎ እጁን ሰደደ፤ ግማሹን ጨረሰው። በሦስተኛው ቀን ለሱም ለብቻው ቋጠርኩለት።